ሽሮ ከገባ ምስር አይገባም!

እስቲ ለአፍታ አስቡት። ሰባት ዓይነት የጾም ምግብ ተሠርቷል። ትሪው የሚይዘው ግን አራቱን ብቻ ነው። ሽሮ ከገባ ምስር አይገባም። ጎመን ከገባ ድንች የግድ ይከተለዋል። ድንች ካለ ደግሞ ሰላጣ ድርሽ አይልም። ማን ከማን ጋር ይቀርባል? ለማሰቢያ ስምንት ደቂቃ ከአርባ አምስት ሴኮንድ ተሰጥቷችኋል። ከመለሳችሁ ጠበቃ የመሆን ተስፋችሁ ይለመልማል። ካልመለሳችሁ… እንግዲህ ቻሉት!

«የምን ቀልድ ነው?» እንዳትሉኝ። ወጡን የጨመርኩት እኔ ነኝ እንጂ ጨዋታው የእውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሕግ ለመማር የተነሳ አብዛኛው ወጣት ለብዙ ዓመታት እንዲህ ዓይነቱን እንቆቅልሽ እየፈታ ነው የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠው። ብዙዎቹም ደጃፉ ላይ ቀርተዋል።

እኔን ከዚህ ጣጣ ጋር ያስተዋወቀችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን አፍንጫ ሥር፣ የኛ ሰው በብዛት ከሚገኝባቸው ከተሞች አንዱ። በ2015 ዓ.ም ክረምት አዲስ አበባ መጣች። አያታችን «ልጄ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል» እያለች ጓዳና ሳሎን ስትመላለስ፣ ልጅቷ ግን ከሻንጣዋ ውስጥ ጡብ የሚያክል መጽሐፍ አውጥታ መኝታ ቤት ዘጋች። አንድ ቀን ዘጋች፣ ሁለት ቀን ዘጋች። በሦስተኛው ቀን ቡና ልጠራት ብገባ መጽሐፉ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች!

«ምን ሆንሽ?»

«ዳይኖሰሮቹ…» አለችኝ።

እውነቴን ነው። ያበደች መስሎኝ ነበር።

ዳይኖሰር ምን አገባው?

ነገሩ ወዲህ ነው። እዚህ እኛ አገር አንድ ተማሪ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ከመጣለት ሌላ ዲግሪ ሳይዝ ሕግ ሊገባ ይችላል። አሜሪካ ግን መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ መያዝ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው የሕግ ትምህርት ቤት የሚያመለክተው። ለማመልከቻ ደግሞ ኤልሳት የሚባል ፈተና አለ። መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ነጥቡ ከ120 ይጀምርና 180 ላይ ያልቃል።

ኤልሳት የሕግ እውቀት አይጠይቅም። አንድ አንቀጽ እንኳ አትሸመድዱለትም። አንብበህ ትረዳለህ ወይ? የሰው ክርክር የት ላይ እንደሚያነክስ ይታይሃል ወይ? የሚለውን ነው የሚመዝነው። ሦስተኛው ክፍል ነበር የብዙ ሰው መቃብር፤ ተማሪዎቹ «ሎጂክ ጌም» ይሉታል። ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ አራት ጨዋታ፣ ሃያ ሦስት አካባቢ ጥያቄ። አንዳንዱ ጨዋታ ሰልፍ ማስያዝ ነው፦ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል። አንዳንዱ ደግሞ ድልድል ነው፦ ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ፣ ማን ከማን ጋር ይመደብ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ስለ ድልድሉ ነው፤ የአክስቴን ልጅ ያስለቀሳት እሱ ነውና።

ዳይኖሰሮቹም የድልድል ጨዋታ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጁን 2009 የመጣ ፈተና ነው፦ ሰባት የአሻንጉሊት ዳይኖሰሮች አሉ፣ አምስቱ ለዕይታ ይቀርባሉ፣ ከዚያ ቀለማቸው ይመጣል… ፈተናው ካለፈ ስንት ዘመኑ፣ የሚለማመዱ ልጆች ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስሙን ሲሰሙ ይንቀጠቀጡ ነበር።

ልጅቷ በዚያው ዓመት ጁን ላይ ተፈትና 149 አምጥታለች። የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ዋጋው የትየለሌ ነው። አባቷ ሌት ተቀን ታክሲ እየነዳ ነው ኮሌጅ ያስጨረሳት፤ ከዚህ በላይ ልታስቸግረው አትፈልግም። ስኮላርሺፕ ለማግኘት ደግሞ የኮሌጅ ውጤቷና ይቺ ነጥብ ናቸው የሚታዩት። ኦክቶበር ላይ እንደገና ልትፈተን ከ200 ዶላር በላይ ከፍላ ተመዝግባለች። በልምምድ ግን ከሃያ ሦስቱ የጨዋታ ጥያቄ ዘጠኝ ነበር የምታገኘው። ዘጠኝ!

እኔ ማን ነኝና?

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምሩቅ ነኝ። አለቀ። የመግቢያ ፈተናው ላይ አፕቲትዩድ በሚባለው ወረቀት ውስጥ ልክ እንደዚህ ዓይነት ጥያቄዎች ነበሩ፦ አምስት ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ከብበው ተቀምጠዋል ምናምን። ሁሉንም «ሐ» ብዬ አጥቁሬ ወጣሁ። ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ አላደረሰኝም። ከዚያ በፊትም አንድ አስተማሪዬ ክፍል ፊት አቁሞኝ «አንተ ጭንቅላትህ ለሎጂክ አልተፈጠረም» ብሎኝ ነበር፤ አምኜው ኖርኩ።

ከትምህርት በኋላ ስምንት ወር ታክሲ ላይ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። (ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ ቆይቶ ይጠቅመናል።)

ታዲያ ያን ዕለት ልጅቷን ለማጽናናት ያህል አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እስቲ አሳዪኝ» አልኳት። በእንግሊዝኛው ላይ እሷ ነች አስተርጓሚ። አነበብን፣ አፈረስን፣ እንደገና አነበብን። መብራት ሄደ፣ ሻማ ለኮስን። ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደርን። ፍልሰታ ገባችና አያታችን በያይነቱ ስታቀርብ ነው ነገሩ ድንገት የበራልን። ዳይኖሰሮቹን ወደ ጎን ትተን በወጥ መጫወት ጀመርን።

የተጫወትነው ይኸውላችሁ። ሰባቱ ምግቦች፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሰላጣ፣ ፎሶልያ። ትሪው ላይ የሚገቡት አራት ናቸው፤ አይበዙም፣ አያንሱም። ሕጎቹ፦ ሽሮ ከገባ ምስር አይገባም። ክክ ካልገባ ምስር ይገባል። ፎሶልያ ከገባ ጎመን ይገባል። ጎመን ከገባ ድንች ይገባል። ድንች ከገባ ሰላጣ አይገባም።

እርሳስ ያዙ። ያለ እርሳስ ይህን ጨዋታ የሚፈታ ካለ እሱ ሌላ ፍጥረት ነው።

ገልብጥና አፍርስ

የመጀመሪያው ወጥመድ ይቺ ናት። «ጎመን ከገባ ድንች ይገባል» ይላል ሕጉ። የአክስቴ ልጅ ትሪው ላይ ድንች ስታይ ወዲያው ጎመንን ታስገባለች። «ሕጉ ነዋ!» ትላለች። አይደለም! ሕጉ የሚናገረው ጎመን ሲገባ ስለሚሆነው ነው። ድንች ብቻውን መጥቶ ዘና ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ጎመንን ያምጣ ያለው የለም።

ከዚያ ሕግ በእርግጠኝነት የሚወጣው ሌላ ነው፦ ድንች ከሌለ ጎመን የለም። ሁለቱን ጫፎች ትገለብጣላችሁ፣ ሁለቱንም ታፈርሳላችሁ። ገልብጥና አፍርስ። መገልበጥ ብቻውን ስህተት ነው። ማፍረስ ብቻውንም ስህተት ነው፤ «ጎመን ካልገባ ድንች አይገባም» ያለ ማንም የለም። ሁለቱን አንድ ላይ ስታደርጉ ብቻ ነው እውነት የሚሆነው። እኛ እያንዳንዷን ሕግ እንደጻፍን ሥሯ ገልብጠን ያፈረስነውን እንጽፍ ነበር። ለእያንዳንዷ አምስት ሴኮንድ ነው፣ ደቂቃዎች ያተርፋል።

ፈተና አውጪዎቹ ደግሞ ተንኮለኞች ናቸው። ያችኑ አንድ ሕግ በሦስት ልብስ ያመጧታል። «ጎመን ከገባ ድንች ይገባል» ይላሉ። ሌላ ቀን «ጎመን የሚገባው ድንች ከገባ ብቻ ነው» ይላሉ። ሌላ ቀን «ድንች ካልገባ በስተቀር ጎመን አይገባም»። ሦስቱም አንድ ናቸው! ልጅቷ «ብቻ» የምትለዋን ቃል ስታይ ሕጉን ገልብጣ ነበር የምትጽፈው። ከዘጠኙ በላይ እንዳታገኝ አንዱ ያሰራት ይኸው ነበር።

ሁለተኛዋ ወጥመድ የባሰች ናት። «ሽሮ ከገባ ምስር አይገባም» እና «ክክ ካልገባ ምስር ይገባል»። ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ፤ ሁለቱም «አንዱ ካለ ሌላው የለም» የሚሉ። ተጠንቀቁ! ሽሮና ምስር ጠበኞች ናቸው፤ አብረው መግባት አይችሉም፣ ሁለቱም ቀርተው እቤታቸው ቢውሉ ግን ማንም አይከሳቸውም። ክክና ምስር ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ አብረው ቢገቡ ችግር የለም፣ ሁለቱም መቅረት ግን አይችሉም። አንዱ የግድ ተረኛ ሆኖ በር ይጠብቃል። ይህችን ለመረዳት እኔና እሷ አንድ ሙሉ ማታ ተጨቃጭቀናል። አያታችን በመጨረሻ «ሁለት ዘበኛ ናቸው በሉዋ፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቆማል፣ ሁለቱም ቢኖሩ ግን ምን ይጎዳል?» ብላ ገላገለችን። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት!

ይህን ፍቅር ላይ ሞክሩት

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ይህ ዓምድ መቼም የልብ ጉዳይ የሚነሳበት ነው።

«ካፈቀረኝ ይደውልልኛል። ደወለልኝ። ስለዚህ ያፈቅረኛል!» የምትል እህት ስንት አለች? ተረጋጊ የኔ እናት። ዕዳ የሚጠይቅም ሰው ይደውላል። ሕጉን ገልብጠሽዋል፣ አላፈረስሽውም።

እኔም ከመሳቄ በፊት የራሴን ልናገር። የዛሬ አራት ዓመት አብራኝ የነበረች ልጅ ነበረች። በልቤ የያዝኩት ሕግ «ሌላ ሰው ከያዘች ስልኳን ታጠፋለች» የሚል ነበር። ሁለት ቀን ስልኳ ጠፋ። ገለበጥኩታ! ስልኳ ጠፋ፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ይዛለች። ሦስተኛው ቀን ስታገኘኝ የማይባለውን ብያት ሄድኩ። ለካ እናቷን ሐኪም ቤት አስተኝታ፣ ቻርጀር እንኳ ሳትይዝ ኮሪደር ላይ ነበር ያደረችው። ይህን የሰማሁት ከወራት በኋላ ከጓደኛዋ ነው። ይቅርታ ልላት ብፈልግም ጊዜው አልፎ ነበር። ያ አስተማሪዬ ጭንቅላቴን ሲሰድብ ይህን አስቀድሞ አይቶት ይሆን? እላለሁ አንዳንዴ።

ባዶ ወንበር ቁጠሩ

ወደ ትሪያችን እንመለስ። አሁን ሕጎቹን ሰንሰለት እናድርጋቸው። ፎሶልያ ጎመንን ይጠራል፣ ጎመን ድንችን ይጠራል፣ ድንች ሰላጣን ያባርራል። አንድ መስመር ሆኑ። ገልብጠን ስናፈርሰው፦ ሰላጣ ከገባ ድንች የለም፣ ድንች ከሌለ ጎመን የለም፣ ጎመን ከሌለ ፎሶልያ የለም። ሰላጣ አንዷ ገብታ ሦስት ሰው አስወጣች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የታክሲ ረዳትነቴ የጠቀመኝ። ረዳት ሰው ሲጭን ፊት አያይም፤ ባዶ ወንበር ነው የሚቆጥረው። ልጅቷ ማን ከማን ጋር ይጣላል የሚለው ላይ ስትጨነቅ እኔ «ቆይ፣ ስንት ቦታ ቀረ?» አልኳት። ሰባት ምግብ፣ አራት ቦታ። ስለዚህ ውጪ የሚቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ሰላጣ ከገባች ድንች፣ ጎመንና ፎሶልያ ውጪ ቀሩ። ውጪውም ሞላ! የቀሩት ሁሉ የግድ ይግቡ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ። ግን ሽሮና ምስር ጠበኞች አይደሉም እንዴ?

አያችሁ? ሰላጣ መቼም፣ በምንም ተአምር ይህ ትሪ ላይ መቅረብ አትችልም። ይህን የሚል ሕግ የተጻፈ የለም። ሕጎቹና ወንበሮቹ ተማክረው ነው ያወጧት።

ልጅቷ እርሳሷን ጥላ አየችኝ። «እንዴት አወቅህ?» አለችኝ። ስምንት ወር ታክሲ በር ላይ ተንጠልጥዬ ነዋ!

ቀጠልን። ሰላጣ ውጪ ናት። ድንችም ውጪ ይቅር ብንል ጎመንና ፎሶልያ ተከትለውት ይወጣሉ፤ አራት ሰው ውጪ፣ አይሆንም። ጎመን ብቻ ይውጣ ብንልስ? ፎሶልያ ይከተለዋል፣ ከሰላጣ ጋር ሦስት ሞሉ፤ ታዲያ ሽሮና ምስር እንደገና አብረው ሊገቡ ነው፣ አይሆንም። ስለዚህ ድንችና ጎመን ሁልጊዜ ትሪው ላይ አሉ። ሁለት ቦታ ተያዘ፣ ሁለት ቦታ ቀረ፤ የሚሻሙት ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ፎሶልያ ናቸው። ሽሮ ከገባ ምስር ይወጣል፣ ምስር ስለወጣ ክክ ይገባል፣ ትሪው ሞላ፣ ፎሶልያም ቀረ። ሽሮ ከሌለ ደግሞ ከምስር፣ ከክክና ከፎሶልያ ማንኛውም ሁለቱ ይሆናሉ፤ ከዘበኞቹ ቢያንስ አንዱ ምንጊዜም ይኖርበታልና። በቃ፣ ጠቅላላው አራት ዓይነት ትሪ ብቻ ነው።

አሁን ጥያቄ ይምጣ! «ሽሮ ከገባ የግድ የሚገባው ማን ነው?» ክክ። «ፎሶልያ ከገባ የግድ የሚቀረው ማን ነው?» ሽሮ። ጥያቄ ለጥያቄ አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። ልጅቷ ድሮ ጥያቄውን ቶሎ ለመጀመር ስትሮጥ ሕጎቹን እየደጋገመች ከመጀመሪያው ታነብ ነበር፤ ለአንዱ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ። እኛ ግን ከስምንቱ ደቂቃ ሦስቱን አራቱን ስዕሉ ላይ አጠፋን። መጀመሪያ ላይ ልቧ አልቻለም፤ «ሰዓቱ እየሄደ ነው!» እያለች ስትቁነጠነጥ እጇን ይዤ ነው ያስቀመጥኳት።

የጥያቄ ቅደም ተከተልም ዘዴ አለው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው «ከሚከተሉት ዝርዝሮች ትክክል ሊሆን የሚችለው የቱ ነው?» የሚል ነው። እሱን ለመመለስ ማሰብ አያስፈልግም፤ አንድ ሕግ ይዛችሁ አምስቱን ምርጫዎች መቃኘት፣ ሕጉን የጣሰውን መሰረዝ፣ ቀጣዩን ሕግ መያዝ። መጨረሻ አንድ ይተርፋል። ከዚያ «እንዲህ ቢሆን» ብለው የሚነሱትን ትሠራላችሁ፤ አንድ እውነት በነጻ ሰጥተዋችኋልና። ለነሱ የሣላችሁትን ትንንሽ ስዕል ሳታጠፉ አቆዩት። ምንም ፍንጭ የማይሰጡትን ጥያቄዎች መጨረሻ ላይ ስትደርሱባቸው ግማሹ መልስ እዚያው ስዕል ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ጊዜው ካለቀም ባዶ አትተዉ፤ ኤልሳት ለስህተት ነጥብ አይቀንስም። («ሐ» ማጥቆር እዚያም ይሠራል ማለት ነው!)

ሙሽራና ሁለት መኪና

ሌላው የድልድል ዓይነት መግባት መውጣት የለበትም፤ ሁሉም ይመደባል፣ ጥያቄው የት የሚለው ነው። ይህን በሠርግ ነው የተለማመድነው። ስድስት ሰው፣ ሁለት መኪና፣ በያንዳንዱ ሦስት ሦስት። አጎትየውና የቀድሞ ሚስታቸው አንድ መኪና አይገቡም። አያትየዋ መድኃኒታቸውን ከምትይዘው የልጅ ልጃቸው አይለዩም። የቀሩት ቪዲዮ አንሺውና ዲያቆኑ ናቸው፤ ስለነሱ ምንም የተባለ የለም።

ምንም አልተባለም ብላችሁ እንዳትታለሉ። ጠበኞቹ በየመኪናው አንድ አንድ ወንበር ያዙ። በየመኪናው ሁለት ሁለት ቀረ። አያትና ልጅ አንዱን ሁለት ይሞሉታል። ቪዲዮ አንሺውና ዲያቆኑስ? ወደዱም ጠሉም አብረው ይሄዳሉ! ሳይተዋወቁ። ይህን ስነግራት የአክስቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች። ጠበኛ ሲኖርና ቡድኑ ሁለት ብቻ ሲሆን በየቡድኑ አንድ ወንበር አስቀድማችሁ ያዙ፤ የማይለያዩትን ደግሞ እንደ አንድ ትልቅ ሻንጣ ቁጠሯቸው፣ ቦታ የሚበቃቸው የት እንደሆነ ወዲያው ይታያችኋል።

ልትሄድ ስትል በልምምድ አሥራ ዘጠኝ ደርሳ ነበር። ከዘጠኝ አሥራ ዘጠኝ!

ኦክቶበር ላይ ተፈተነች። ውጤቱ የመጣ ቀን እኔ ጋ ሌሊት ነበር። ስልኬ ጮኸ፣ አነሳሁ፣ የሚሰማው ልቅሶ ብቻ ነው። «ደሞ ዳይኖሰር መጣ?» አልኳት። «157» አለች። ሰማይ የሚነካ ነጥብ አይደለም፤ ስኮላርሺፑም ሙሉ አልሆነም፣ ግማሽ ነው። ግን ገባች። አሁን የሕግ ተማሪ ናት። አባቷ ያን ሰሞን መኪናው ውስጥ ለገባ ተሳፋሪ ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ አሉ።

ጨዋታው ፈረሰ

አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ። ያ ሁሉ ዳይኖሰር፣ ያ ሁሉ እንባ ዛሬ ፈተናው ላይ የለም! ከእ.ኤ.አ. ኦገስት 2024 ጀምሮ ሎጂክ ጌም ከኤልሳት ወጥቷል፤ በምትኩ ክርክር የሚመረምረው ክፍል ሁለት ሆነ።

የወጣበት መንገድ ራሱ ታሪክ ነው። አንጀሎ ቢኖ የሚባል የሚቺጋን ሰው ነበር፤ ዓይነ ስውር ነው፣ ጠበቃ መሆን ይፈልጋል። እስቲ እርሳስ ያዙ ያልኳችሁን አስታውሱ። ይህን ጨዋታ ስዕል ሳይሥሉ መፍታት እጅግ ከባድ ነው። ታዲያ ዓይነ ስውሩ ምን ይሣል? እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበርን ፍርድ ቤት ገተረ። ያ ክስ አልተሳካለትም። ተስፋ አልቆረጠም፤ ቆይቶ ፈተናውን የሚያዘጋጀውን ተቋም ከሰሰ። በ2019 ስምምነት ላይ ተደረሰ፦ ተቋሙ በአራት ዓመት ውስጥ ሌላ መመዘኛ እንዲያጠና። ጥናቱ አለቀ፣ ጨዋታው ወጣ።

ይህን ለልጅቷ ስነግራት ዝም አለች። እኔ «ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ባላለቀስሽ» ልላት ነበር። እሷ ግን «እኔ የተቸገርኩት ስዕሉ ስላልገባኝ ነው። እሱ ግን ቢገባውም መሣል አይችልም ነበር» አለች። ወሬውን ቀየርኩ።

ታናሽ ወንድሟ ዘንድሮ ለዚሁ ፈተና እየተዘጋጀ ነው። ጨዋታ ስለሌለ ደስ ብሎት ነበር የጀመረው። ባለፈው ደውሎ «ክርክሩ ክፍል ውስጥ “ካልሆነ በስተቀር” የምትል ነገር እየመጣች ታስጨንቀኛለች» አለኝ። ሳቅሁ። ልብሷን ቀይራ መጣች ማለት ነው! ገልብጥና አፍርስን በስልክ አስተማርኩት። ከአያታችን ዘበኞች ጋር።

እዚህ አገርም አልቀረላችሁም። ለባንክ ቅጥር የጽሑፍ ፈተና የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ክብ ጠረጴዛው አሁንም አለ። አንድ የሰፈሬ ልጅ ባለፈው ወር እንዲህ ዓይነት ፈተና ነበረበት። ሦስት ማታ በበያይነቱ አሠለጠንኩት። ውጤቱ ገና አልተለጠፈም፤ በየቀኑ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ይሄዳል።

በሉ እናንተም ሞክሩ። አንዲት ደንበኛ ምግብ ቤት ገብታ «ያለ ሰላጣ አልበላም!» አለች። አስተናጋጁ ጨነቀውና «እሺ፣ አራት መሆን አለበት የሚለውን ሕግ ትቼልሻለሁ» አላት። አምስቱ የወጥ ሕጎች ግን አልተነኩም። ሰላጣዋን ጨምሮ ትሪዋ ላይ ቢበዛ ስንት ዓይነት ሊቀርብላት ይችላል? መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ይዤ እመጣለሁ። እርሳስ እንዳትረሱ።